የሰውነት ክፍሎችና የሰውነት ኬሚስትሪ ቃላት፦ የማውቀው አማርኛ እየረዳኝ ነው ወይስ እያሳሳተኝ?

የሐረጎ ተጓዥ፣ ከኮምቦልቻ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ዘንድሮ ደሴ ውስጥ የነርስነት ትምህርት የጀመርኩ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ቤተሰቦቼ የሚኖሩት ኮምቦልቻ ስለሆነ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ፤ ብዙውን ጥናቴንም የማጠናው በዚሁ መንገድ ላይ ነው።

ጥያቄዬ ስለ ቃላት ነው። የአናቶሚው ትምህርትም ሆነ የሰውነት ኬሚስትሪ መግቢያው በየክፍለ ጊዜው ብዙ አዲስ ቃል ይዞ ይመጣል። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቴን የተከታተልኩት በአማርኛ ስለነበር፣ እያንዳንዱን የእንግሊዝኛ ቃል ወደማውቀው የአማርኛ ቃል እየመለስኩ በደብተሬ ላይ ጎን ለጎን እጽፈዋለሁ። ይህ ዘዴ ለልብ፣ ለሳንባ፣ ለጉበትና ለኩላሊት በሚገባ አገልግሎኛል። ባለፈው ሳምንት ግን ሦስት ቦታ ላይ ተሰናከልኩ።

የመጀመሪያው ፓንክሪያስ ነው። አንዱ የአማርኛ የጤና ጽሑፍ ኢንሱሊን የሚያመነጨውን ዕጢ ቆሽት ሲለው፣ ሌላው ጣፊያ ይለዋል። እናቴ ደግሞ ለአረፋ በግ ሲታረድ ጣፊያ ብላ የምታሳየኝ አካል በመጽሐፉ ላይ ካለው የፓንክሪያስ ሥዕል ጋር በፍጹም አይመሳሰልም። ሁለተኛው አርተሪ ነው። ኦክስጅን ያለው ደም የሚሸከም የደም ሥር ብዬ ይዤው ሳለ፣ ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄደውና ኦክስጅኑ የቀነሰ ደም የሚይዘው ሥርም አርተሪ ተባለ። ሦስተኛው ንጥረ ነገር የሚለው ቃል ሲሆን፣ በኬሚስትሪ ክፍል አንድ ነገር፣ በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ማለት ሆነብኝ።

አማርኛውን ሙሉ በሙሉ ትቼ የእንግሊዝኛውን ቃል ብቻ ልያዝ? ወይስ ሁለቱን የማስታርቅበት መንገድ አለ? ያለፋችሁበት ሰዎች ብትመክሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

የጦሳ ጎረቤት፣ ከደሴ

ልጄ፣ በመጀመሪያ አብሽሪ። የተሰናከልሽባቸው ሦስቱም ቦታዎች ከአንቺ በፊት ብዙ ተማሪ የተሰናከለባቸው ናቸው። ባዮሎጂ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ሰንብቻለሁ፤ አማርኛውን ጣይው ብሎ መምከር ግን ዛሬም አይሆንልኝም፤ ምክንያቱን በራስሽ ምሳሌዎች ላሳይሽ።

ከአርተሪ ልጀምር። በአማርኛ አርተሪ ደም ቅዳ፣ ቬይን ደግሞ ደም መልስ ይባላል። ስሞቹን ቀስ ብለሽ አድምጫቸው። መቅዳት ከምንጭ ወይም ከጋን መውሰድ ነው፤ መመለስ ደግሞ ወደ ነበረበት ማምጣት ነው። እዚህ ላይ ምንጩ ልብ ስለሆነ፣ ከልብ ቀድቶ የሚወስድ ሁሉ ደም ቅዳ፣ ወደ ልብ የሚያመጣ ሁሉ ደም መልስ ነው፤ ደሙ ኦክስጅን ይብዛበት ወይም ይነስበት ስሙ ስለዚያ የሚናገረው ነገር የለም። ስለዚህ ከቀኙ የልብ ክፍል ወደ ሳንባ የሚሄደው ሥር ኦክስጅኑ የቀነሰ ደም ቢይዝም ደም ቅዳ ነው፤ ከሳንባ ወደ ግራው የልብ ክፍል የሚገቡት አራቱ ሥሮች ደግሞ በኦክስጅን የበለጸገ ደም ይዘው ሳለ ደም መልስ ናቸው። በእትብት ውስጥም ነገሩ ይኸው ነው፤ ከጽንሱ ልብ ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄዱት ሁለቱ ሥሮች ደም ቅዳ፣ ከእንግዴ ልጁ ኦክስጅንና ምግብ ይዞ የሚመለሰው አንዱ ሥር ደም መልስ ነው። አንቺን ያሳሳተሽ አማርኛው ሳይሆን ከእንግሊዝኛው ጋር በቃል የያዝሽው ያልተሟላ ፍቺ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በጥንት ግሪኮች ዘንድ እነዚህ ሥሮች አየር ይሸከማሉ የሚል እምነት ነበር፤ በሬሳ ውስጥ ባዶ ሆነው ይገኙ ስለነበር ነው። አርተሪ የሚለው ቃል የመጣበት የግሪክ ቃልም የመተንፈሻ ቧንቧ ይጠራበት ነበር። ደም ከልብ ወጥቶ ዞሮ ወደ ልብ እንደሚመለስ የእንግሊዙ ሐኪም ዊልያም ሃርቪ በማስረጃ አስደግፎ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1628 ነው። የግሪኩ ስም የቀድሞውን ስሕተት ተሸክሞ ሲኖር፣ የእኛ ደም ቅዳና ደም መልስ ዝውውሩን ራሱን ይናገራሉ። እንዲህ ያለውን ቃል ጣይው ልልሽ አልችልም።

ጣፊያና ቆሽት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ጽሑፎቹ ራሳቸው አልተስማሙም። እናትሽ ትክክል ናቸው። በግ ሲበለት ከትልቁ ጨጓራ ጎን ተጣብቆ የሚገኘው ጠቆር ያለ ቀይ ጠፍጣፋ አካል ጣፊያ ሲሆን፣ በእንግሊዝኛው ስፕሊን የሚባለው እርሱ ነው። በሰው ላይ ከግራ ጎድን አጥንቶች ሥር ተሸሽጎ ይገኛል፤ ያረጁ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያስወግዳል፣ በሽታ በመከላከልም ድርሻ አለው፤ ኢንሱሊን ግን አያመነጭም። ፓንክሪያስ ፈዘዝ ያለ መልክ ያለውና ጉብጉብ የሚል ዕጢ ሲሆን ከጨጓራ ጀርባ በአግድም ይተኛል፤ የራስጌው ክፍል በትንሹ አንጀት የመጀመሪያ ጥምዝ ውስጥ ገብቶ፣ ጅራቱ ጣፊያ አጠገብ ይደርሳል። ስማቸው የተቀላቀለው ምናልባት ጎረቤታሞች በመሆናቸው ይሆናል። አንቺ ፓንክሪያስን ቆሽት፣ ስፕሊንን ጣፊያ ብለሽ ያዢ፤ ሌላ ጽሑፍ ስታነቢ ግን ቃሉን ብቻ አትመኚ፣ ስለየትኛው ሥራ እንደሚናገር ተመልከቺ። ኢንሱሊን ካለ ጉዳዩ የፓንክሪያስ ነው፣ ጸሐፊው ምንም ብሎ ይጥራው። ቆሽቴ አረረ፣ አንጀቴን በላው፣ ሐሞቴ ፈሰሰ የምንላቸው አነጋገሮች የአካሎቹን ስም በልጅነታችን አስይዘውናል፤ ቦታቸውን ግን አላሳዩንም፤ ቦታውን ማወቅ የትምህርቱ ድርሻ ነው።

አማርኛው በራሱ የሚጠብባቸው ቦታዎችም አሉ። ጅማት ስንል ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውንም፣ አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘውንም በአንድ ስም እንጠራለን፤ በአናቶሚ ግን የመጀመሪያው ቴንደን፣ ሁለተኛው ሊጋመንት ተብሎ ይለያል። እንዲህ ያለው ቦታ ላይ የእንግሊዝኛውን ቃል ያዢና በአማርኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሪበት፦ ምንን ከምን ያያይዛል ብለሽ።

በተቃራኒው ደግሞ የቆየ ተረታችን ሁለት ዕጢ ያስተምርሻል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንላለን። እንቅርት ከማንቁርት በታች በአንገት ፊት ለፊት ያለው የታይሮይድ ዕጢ ማበጥ ነው። ጆሮ ደግፍ ከጆሮ ፊትና ሥር ያለው የምራቅ ዕጢ ማበጥ ነው፤ የዚህ ዕጢ ስም ፓሮቲድ ሲሆን፣ ፓራ አጠገብ፣ ኦት ጆሮ ማለት በመሆኑ የግሪኩም ስም ጆሮ አጠገብ የሚል ነው። አያቶቻችንና ግሪኮች ተመሳሳይ ቦታ ተመልክተው ተመሳሳይ ስም አወጡ። ከዚሁ ወደ ኬሚስትሪው መሻገር ትችያለሽ፤ ታይሮይድ ታይሮክሲን የሚባለውን ሆርሞን የሚሠራው አዮዲን ሲያገኝ ነው፤ በአንድ የታይሮክሲን ሞለኪውል ውስጥ አራት የአዮዲን አተሞች አሉ። በምግብ ውስጥ አዮዲን ሲያንስ ዕጢው ያብጣል፤ ጨው ላይ አዮዲን የሚጨመረውም ለዚሁ ነው።

የላብራቶሪው ወንድማችሁ፣ ከኮምቦልቻ

መምህራችን ስለ አናቶሚው የጻፉት እኔንም አስተምሮኛል። እኔ በሕክምና ላብራቶሪ የምሠራ ስለሆንኩ ሦስተኛውን ጥያቄሽን፣ ማለትም ንጥረ ነገርን ልውሰድ።

እህቴ፣ በሱቅም በመድኃኒት ቤትም የምታገኚውን የኦ አር ኤስ ከረጢት አንሥተሽ ጀርባውን አንብቢው። ስሙ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ይባላል፤ በውስጡ ያለው ግን በኬሚስትሪው ትርጉም ንጥረ ነገር አይደለም። ለአንድ ሊትር ውኃ የሚሆነው ከረጢት 2.6 ግራም ሶዲየም ክሎራይድ፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ፣ 2.9 ግራም ትራይሶዲየም ሲትሬትና 13.5 ግራም ግሉኮስ ይዟል። እነዚህ አራቱም ውህዶች ናቸው። በኬሚስትሪ ንጥረ ነገር የሚባለው በኬሚካላዊ መንገድ ወደ ሌላ የማይከፈለው ነው፤ እንደ ሶዲየም፣ እንደ ካርቦን፣ እንደ ኦክስጅን ያለው። ሁለትና ከዚያ በላይ ንጥረ ነገሮች በተወሰነ መጠን ተጣምረው ሲያያዙ ውህድ ይሆናሉ። ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የተጻፈው ግን ከምግብ የምናገኘውን ጠቃሚ ነገር ለማለት ስለሆነ፣ ለእርሱ ንጥረ ምግብ የሚለውን ቃል ብትይዢ ሁለቱ አይጋጩብሽም። ጨው የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው፤ በማጀት አንድ ነው፣ በኬሚስትሪ ግን የብዙ ውህዶች የወል ስም ነው፤ ከከረጢቱ ውስጥ ሦስቱ ጨዎች ናቸው።

ከረጢቱን ያነሣሁት ለስሙ ብቻ አይደለም። ግሉኮሱ ለምን ገባ ብለሽ ጠይቂ። ለማጣፈጥ አይደለም። በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ሶዲየምንና ግሉኮስን አንድ ላይ ይዞ የሚያስገባ ፕሮቲን አለ፤ ሁለቱ ሲገቡ ውኃው ይከተላቸዋል። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን የጠጣው ውኃ ወደ ደሙ እንዲገባ የሚያደርገው ይህ ነው። አናቶሚውና ኬሚስትሪው ሁለት ትምህርት የሚመስሉሽ በፕሮግራሙ ላይ ብቻ ነው፤ በአንጀት ግድግዳ ላይ አንድ ናቸው።

የሰውነታችንን ክብደት ብንከፋፍለው ኦክስጅን 65 በመቶ፣ ካርቦን 18፣ ሃይድሮጅን 10፣ ናይትሮጅን 3 በመቶ ገደማ ይይዛሉ፤ ኦክስጅን ይህን ያህል የበዛው ዋናው ምክንያት አብዛኛው ሰውነታችን ውኃ በመሆኑ ነው። ሶዲየምና ፖታሲየም ከቀረው ጥቂት ክፍል ውስጥ ቢሆኑም፣ በየቀኑ ውጤት የምጽፍላቸው እነርሱ ናቸው። ሶዲየም በብዛት ከሕዋስ ውጭ፣ ፖታሲየም በብዛት ከሕዋስ ውስጥ ይገኛል፤ በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ ሶዲየም በሊትር ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል፣ ፖታሲየም ከ3.5 እስከ 5.0 ሚሊሞል ቢሆን ጤነኛ ነው እንላለን። ይህን ማወቅ በተግባር ምን ይጠቅማል ብትዪ፣ ሥራ በጀመርኩበት ወቅት አንድ የደም ናሙና በመንገድ ላይ ክፉኛ ተንገላትቶ መጣና የፖታሲየሙ ውጤት እጅግ ከፍ ብሎ ወጣ። በሽተኛው ግን ምንም ምልክት አልነበረበትም። ቀይ የደም ሕዋሳቱ በቱቦው ውስጥ ፈንድተው የያዙትን ፖታሲየም ስላፈሰሱ ነበር፤ ናሙናው እንደገና ሲወሰድ ልኩ ትክክል ሆነ። ነርስ ሆነሽ ደም ስትቀጂ ቱቦውን እንዳትነቀንቂ፣ በቀስታ ገልበጥ ገልበጥ ብቻ እንድታደርጊ የሚነገርሽ ለዚህም ነው።

ስለ ስያሜውም አንድ ነገር አለ። የሶዲየም የላቲን ስም ናትሪየም፣ የፖታሲየም ደግሞ ካሊየም ነው፤ ምልክቶቻቸው (Na እና K) ከእንግሊዝኛ ስማቸው ጋር የማይገጥሙት ለዚህ ነው። ይህን ከያዝሽ ሃይፐርካሌሚያ የሚለው ረጅም ቃል በራሱ ይፈታል፦ ሃይፐር መብለጥ፣ ካል ፖታሲየም፣ ኤሚያ በደም ውስጥ። ሃይፖ የሃይፐር ተቃራኒ፣ ማለትም ማነስ ስለሆነ፣ ሃይፖናትሬሚያን አሁን አንቺው ራስሽ ልትፈቺው ትችያለሽ። ሃይፐርና ሃይፖ በስልክም በጫጫታም ሲነገሩ እጅግ ስለሚመሳሰሉ፣ የላብራቶሪ ውጤት በቃል ስትቀበዪ ቁጥሩንም አስደግመሽ ጻፊ። ይህን አጥብቄ እለምንሻለሁ፤ አንዱ በሌላው ቢተካ የሚሰጠው ሕክምና ተቃራኒ ነው።

የአሲድነት መለኪያ የሆነውን ፒ ኤችንም ባጭሩ ልንካው፣ ብዙ ተማሪ እንደ ተራ ቁጥር ስለሚያየው። የደም ፒ ኤች ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ይጠበቃል። አንድ ቁጥር ሲወርድ የሃይድሮጅን አዮን መጠን አሥር እጥፍ ይጨምራል፤ ከ7.4 ወደ 7.1 መውረድ ትንሽ ቢመስልም የአዮኑ መጠን በእጥፍ ገደማ ጨመረ ማለት ነው።

ሦስተኛ ዓመት ነኝ፣ ከደሴ

እህቴ፣ የመምህሩን ምክር አከብራለሁ፤ ነገር ግን እኔን ዋጋ ያስከፈለኝን አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዝኛውን ቃል በፊደላችን ብቻ አትጻፊው። በመጀመሪያው ዓመት እኔ ጊዜ ለመቆጠብ ሁሉንም በአማርኛ ፊደል እገለብጥ ነበር። ኢሊየም የሚለው ቃል በደብተሬ ላይ ሁለት ቦታ ተጽፎ ነበር፤ አንዱ የዳሌ አጥንት የላይኛው ክፍል፣ ሌላው የትንሹ አንጀት የመጨረሻ ክፍል ነው። በላቲን ፊደል አንድ ሆሄ ይለያቸዋል፤ በእኛ ፊደል ግን አንድ ዓይነት ሆነው ተጻፉ፤ በፈተናው ላይም አጥንቱን አንጀት ብዬ መለስኩ።

ዩሬተርና ዩሬትራም እንዲሁ ናቸው። በአማርኛ ሁለቱንም የሽንት ቧንቧ ስለምንላቸው ችግሩ እጥፍ ይሆናል። ዩሬተር ከእያንዳንዱ ኩላሊት ወደ ሽንት ፊኛ የሚወርድ በመሆኑ ሁለት ነው፤ ዩሬትራ ከፊኛው ወደ ውጭ የሚያወጣ በመሆኑ አንድ ነው። ስለዚህ የእኔ ደብተር አሁን ሦስት ዓምድ አለው፦ ቃሉ በራሱ ፊደል፣ አነባበቡ በአማርኛ ፊደል፣ ከዚያም መምህሩ እንዳሉት ቦታውንና ሥራውን የሚናገር የአማርኛ ዓረፍተ ነገር።

ሌላም አንድ ነገር አለ። ሥዕል ስታዪ ግራና ቀኝ የሚባለው ሁልጊዜ የሰውየው ግራና ቀኝ ነው፤ የአንቺ አይደለም። በሥዕሉ ላይ ጉበቱ ወደ አንቺ ግራ ቢታይሽም የሚገኘው በሰውየው ቀኝ ነው።

የሐረጎ ተጓዥ፣ ከኮምቦልቻ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደብተሬን ዛሬ ማታ በሦስት ዓምድ መገልበጥ ጀምሬያለሁ። ሃይፖናትሬሚያን የፈታሁት በደም ውስጥ የሶዲየም ማነስ ብዬ ነው። እንዲያው በዚሁ መንገድ ሌላ ቃል ልፍታ ብዬ ሃይፖደርሚስ ላይ ደረስኩና ሃይፖ ማነስ፣ ደርም ቆዳ ከሆነ የቆዳ ማነስ ማለት ነው ወይ ብዬ ቆምኩ።

ሁለተኛም፣ መምህር፣ ከእርስዎ አንድ ነገር ልጠይቅ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ጆሮዬ ይደፈንና ምራቄን ስውጥ ይከፈታል። ይህንን ከአናቶሚው ጋር ማያያዝ የምችልበት መንገድ ካለ መንገዱን ሁሉ ላጠናበት እችል ነበር።

የጦሳ ጎረቤት፣ ከደሴ

ጥያቄሽ ደስ አሰኝቶኛል፤ ከሁለተኛው ልነሣ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ነው። ስትወርጂ የውጭው አየር ግፊት ይጨምራል፤ ከጆሮ ታምቡር በስተጀርባ ባለው በመካከለኛው ጆሮ ውስጥ የቀረው አየር ግን ገና የደሴን ግፊት እንደያዘ ነው። ስለዚህ የጆሮ ታምቡሩ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ድፍን የሚልሽ ያኔ ነው። መካከለኛውን ጆሮ ከአፍንጫው ጀርባ ካለው የጉሮሮ ክፍል ጋር የሚያገናኝ ጠባብ ቧንቧ አለ፤ በ16ኛው መቶ ዘመን በኖረው በጣሊያናዊው የአናቶሚ ሊቅ በባርቶሎሜዎ ኡስታኪዮ ስም የኡስታኪያን ቧንቧ ተብሏል። ይህ ቧንቧ አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነው፤ ስትውጪና ስታዛጊ ጡንቻዎች ይስቡትና ይከፈታል፣ አየር ይገባል፣ ግፊቱ ይተካከላል። ሕፃናት ጉንፋን ሲይዛቸው ጆሯቸውን የሚያማቸውም በዚሁ ቧንቧ በኩል ነው፤ በእነርሱ ላይ አጭርና አግድም በመሆኑ ከጉሮሮ ወደ ጆሮ መሻገር ይቀልላል።

ሃይፖደርሚስን በተመለከተ መቆምሽ ትክክል ነው። የግሪኩ ሃይፖ ዋና ትርጉሙ ከሥር ማለት ነው። አናቶሚ ይህንን የቦታ ትርጉም ጠብቆ ይዞታል፤ ሃይፖደርሚስ ከቆዳ ሥር ያለው ስብ የሚበዛበት ንብርብር ነው፤ ሃይፖግሎሳል የሚባለው ነርቭም ከምላስ ሥር የሚሄደው ነው። ኬሚስትሪውና የበሽታ ስሞቹ ግን ከሥር የሚለውን ከልክ በታች ወደሚል አስፍተውታል። ስለዚህ ሃይፖ ከአካል ስም በፊት ስታዪ መጀመሪያ ቦታ ይሆን ብለሽ ጠይቂ፤ መጨረሻው ኤሚያ ከሆነ ግን የሚናገረው በደም ውስጥ ስላለ መጠን ነው።